ማኅበሩን ያቆየው ፊርማ

የመንግሥታት ማኅበር ሲነሳ እኛ ጋ ወሬው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ተናገሩ፣ የጣልያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፣ ማኅበሩ ከዳን፣ ሞተ። ፍርዱ ልክ ነው፤ የሞቱ ቀን ግን ልክ አይደለም። ማኅበሩ እንዲፈርስ በሕግ የተወሰነው ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1946 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእነዚያ ዓመታት የመጨረሻዎቹን ስድስት ያህል ቤቱን የጠበቀው ሾን ሌስተር የሚባል አየርላንዳዊ ነበር።

ስለ ሌስተር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ጀግንነቱን ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ጀግንነት የተሠራበት ዕቃ ነው፦ በጀት፣ የስንብት ደብዳቤ፣ ምልዓተ ጉባኤ፣ የፖስታ መንገድ። ሰውየው ጦርነቱን ያሳለፈው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሌስተር በ1888 ሰሜን አየርላንድ፣ ካሪክፈርገስ ተወለደ። ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ወጥቶ የአየርላንድን ነፃነት የደገፈ፣ በሙያው ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ነው። በ1923 የአዲሲቱ አየርላንድ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገባ፣ በ1929 ወደ ጄኔቫ ተላከ። አገሩ የማኅበሩ ምክር ቤት አባል ሆና ሳለ ፔሩና ኮሎምቢያ በሌቲሲያ ግዛት ይገባኛል የተጣሉበትን ጉዳይ በያዘው ኮሚቴ ውስጥ ሠርቶ ስም አተረፈ። በ1934 መጀመሪያ ማኅበሩ ዳንዚግ ላይ ከፍተኛ ኮሚሽነር አድርጎ ላከው። ዳንዚግ የዛሬዋ ግዳንስክ ናት፤ ያኔ ከጀርመንም ከፖላንድም ያልሆነች፣ ሕገ መንግሥቷን ማኅበሩ ዋስ ሆኖ የሚጠብቅላት ነፃ ከተማ ነበረች።

ናዚዎቹ በኤፕሪል 1935 ምርጫ ከመቶ 57 ያህል ድምፅ ቢያገኙም ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ አልሞላላቸውም። ስለዚህ በጓሮ በር ሊገቡ ሞከሩ፤ የተቃዋሚዎቹም አቤቱታ ወደ ሌስተር መጣ። እሱ ተቀበለ፣ መረመረ፣ ለጄኔቫ ጻፈ። በጁን 1936 ላይፕሲሽ የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ ወደቡ ላይ ስትቆም አዛዧ ለኮሚሽነሩ ደንቡ የሚያዘውን የአክብሮት ጉብኝት ሳያደርግ ቀረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ የተናቀው ሌስተር ሳይሆን ማኅበሩ ነበር።

ይህ ነገር ወደ ምክር ቤቱ የመጣው መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ተናገሩ። ጁላይ 3 ቀን ስቴፋን ሉክስ የሚባል አይሁዳዊ ጋዜጠኛ የጀርመን አይሁዶች ስቃይ እንዲሰማ ብሎ በጉባኤው አዳራሽ ራሱን በሽጉጥ መታ። ጁላይ 4 ጉባኤው በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ መንገዱን ከፈተ። በዚያው ቀን የዳንዚጉ ሴኔት ፕሬዚዳንት አርቱር ግራይዘር በምክር ቤቱ ፊት ሌስተርን ወቅሶ ሲወጣ ለሳቁበት ጋዜጠኞች አውራ ጣቱን አፍንጫው ላይ ደግኖ ጣቶቹን አርገበገበ። የእኛ ታሪክና የሌስተር ታሪክ ያን ሳምንት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ።

በ1937 ሌስተር ከዳንዚግ ተነስቶ የማኅበሩ ምክትል ዋና ጸሐፊ ሆነ። አለቃው ፈረንሳዊው ዦዜፍ አቨኖል ነው፤ በእኛም ጉዳይ ጊዜ ዋና ጸሐፊ የነበረው እሱ ነው። በሴፕቴምበር 1936 ሮም ድረስ ሄዶ፣ ጣልያን ወደ ጄኔቫ እንድትመለስ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ከጉባኤው የሚገለሉበትን መንገድ ያፈላለገ ሰው ነው። ያን ጊዜ አልሆነለትም፤ መልእክተኞቻችን ወንበራቸውን አልለቀቁም፣ ጣልያንም በዲሴምበር 1937 ጥላ ወጣች። ኃይለኛን በማባበል ድርጅት ይድናል የሚለው እምነቱ ግን አልለቀቀውም። በ1940 ያመጣውን መዘዝ እናያለን።

ከዚያ በፊት አንድ የአሠራር ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። የማኅበሩን ዓመታዊ በጀት የሚያጸድቀው ጠቅላላ ጉባኤው ነበር። ጦርነት መጥቶ ጉባኤ መጥራት ካልተቻለ በጀት የለም፤ በጀት ከሌለ ደመወዝ የለም፤ ማንም ሳይዘጋው ቤቱ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ይህን ቀድመው ያዩ ሰዎች ነበሩ። በሴፕቴምበር 1938 ጉባኤው፣ ክፉ ጊዜ ከመጣ ዋና ጸሐፊው ከተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ ፈቃድ እያገኘ ያልተለመደ እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ሰጠ። ሶቭየት ኅብረት ፊንላንድን ወርራ ከማኅበሩ በተባረረችበት ቀን፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1939፣ ሥልጣኑ ታደሰ። ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ ቀድሞ ሒሳብ የሚመረምር አነስተኛ አካል ነበር። ከዚያ ወዲያ የጉባኤውም የምክር ቤቱም ምትክ ሆነ ማለት ይቻላል። ሰብሳቢው የኖርዌይ ፓርላማ ፕሬዚዳንት ካርል ሃምብሮ ነው።

እንግዲህ ማኅበሩ በሕግ እንዲኖር የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ብቻ ሆኑ፦ መሰብሰብ የሚችል ኮሚሽንና መፈረም የሚፈልግ ዋና ጸሐፊ። በ1940 በጋ ሁለተኛው ታጣ።

ፈረንሳይ በጁን ወደቀች። ጄኔቫ በካርታ ላይ ስትታይ በቀጭን መሬት ከቀሪዋ ስዊዘርላንድ ጋር የተያያዘች፣ ዙሪያዋን በፈረንሳይ የተከበበች ከተማ ናት። አቨኖል ጊዜው የጀርመን ነው ብሎ ደመደመ። ከጀርመን ጋር ላበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት አገልግሎቱን አቀረበ፣ ሠራተኛውን በተለይም እንግሊዞቹን ማሰናበቱን ገፋበት፣ ሌስተርም ለቆ እንዲሄድ ጎተጎተው። ሌስተር አልሄድም አለ። መልቀቅ ቀላሉ ነገር ነበር፤ ሚስቱና ሦስት ሴቶች ልጆቹ አየርላንድ ናቸው፣ እሱም ወዲያ ቢሻገር የሚወቅሰው አልነበረም። ግን ምክትሉ ከሄደ ዋና ጸሐፊው ሲለቅ ወንበሩን የሚይዝ፣ ፊርማው የሚጸና ሰው አይኖርም። ዋና ጸሐፊ የሚሾመው ምክር ቤቱ በጉባኤው ስምምነት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ሊሰበሰቡ አይችሉም። ወንበሩ አንዴ ባዶ ከሆነ የሚሞላበት መንገድ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከአሜሪካ ግብዣ መጣ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፣ የከፍተኛ ጥናት ተቋሙና እዚያው ያለው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም የማኅበሩን የሙያ ክፍሎች እናስጠጋ አሉ። አቨኖል መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ግብዣው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከአሜሪካ መንግሥት መምጣት አለበት አለ። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ መንግሥቷ እንዲያ ያለ ደብዳቤ እንደማይጽፍ ያውቃል። ሌስተርና የኢኮኖሚ ክፍሉ ኃላፊ አሌክሳንደር ላቭዴይ ወጥረው ያዙት፤ በስተመጨረሻ ተረታ። ሰዎቹ የሚሄዱት ለተልእኮ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ግን በሕግ ጄኔቫ ነው የሚል መውጫ ተገኘ። ላቭዴይ ከጥቂት ባልደረቦቹና ከቤተሰቦቻቸው ጋር በኦገስት 1940 ፕሪንስተን ገባ። የማኅበሩ የስታቲስቲክስ መጽሔት በየወሩ መውጣቱን ከዚያ ቀጠለ።

አቨኖል ጁላይ 25 የስንብት ደብዳቤውን ጻፈ፤ ኦገስት 31 ወጣ። በማግስቱ ሌስተር ተጠባባቂ ዋና ጸሐፊ ሆነ።

የመጀመሪያው ሥራ የ1941ን በጀት ማስጸደቅ ነበር። ኮሚሽኑ በሴፕቴምበር መጨረሻ ፖርቱጋል፣ ሊዝበን አጠገብ ሊሰበሰብ ተቀጠረ። ሌስተር ደቡብ ፈረንሳይን አቋርጦ ስፔን ድንበር ሲደርስ አናሳልፍም ብለው መለሱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፦ በጄኔቫው የማኅበሩ ሕንፃ የምክር ቤቱ አዳራሽ ግድግዳና ጣሪያ በወርቅማና በቡናማ ቀለም በሠዓሊው ሆሴ ማሪያ ሰርት ሥዕሎች የተሸፈነ ነው። ስጦታው የስፔን ነው፤ የተመረቀው በ1936። አዳራሹን ያስጌጠችው አገር ከአራት ዓመት በኋላ የአዳራሹን ጠባቂ ከበሯ መለሰችው። ስብሰባው ግን ያለ እሱ ተካሄደ። በጀቱ ጸደቀ፣ የሌስተርም ሥልጣን ተረጋገጠ።

ገንዘቡን እንየው። በ1939 የማኅበሩ በጀት 32 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ያህል ነበር። በ1940 ወደ 21 ሚሊዮን፣ በ1941 ወደ 10.6 ሚሊዮን ወረደ። ይህ የጄኔቫው ጽሕፈት ቤት ብቻ ወጪ አይደለም፤ የዓለም የሥራ ድርጅትና የሄጉ ቋሚ ፍርድ ቤትም የሚበሉት ከዚሁ ነው። ከፋዮቹ በዋናነት ብሪታንያና የኮመንዌልዝ አገሮቹ ነበሩ።

መዋጮው የተያዘበት አንድ ብልሃት የማኅበሩ መተዳደሪያ በሆነው ቃል ኪዳን ውስጥ አለ። አባል ለመውጣት የሁለት ዓመት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ እስከዚያ ግዴታው አይወርድለትም። የቪሺ መንግሥት በኤፕሪል 1941 ፈረንሳይ ወጥታለች ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ዓመት በሚያልቅበት በኤፕሪል 1943 ከቪሺ ውጭ ያሉትን ፈረንሳውያን የሚመሩት ጄኔራል ደጎልና ጄኔራል ዢሮ ያ ደብዳቤ አይጸናም፣ ፈረንሳይ አባል ናት አሉ። አቨኖል ቸኩሎ ቤቱን አስረክቦ ቢሆን ኖሮ ይህ ቴሌግራም የሚደርስበት አድራሻ አይኖርም ነበር።

ሠራተኛውስ? በ1930ዎቹ መጀመሪያ 700 ያህል የነበረው በ1940 መጨረሻ መቶ ገደማ ቀረ። የማሰናበቱ ነገር ለእኔ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው። በዲሴምበር 1939 ጉባኤው የሠራተኛ ደንቡን ለወጠ፦ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ወደ አንድ ወር ወረደ፣ የስንብት ካሣም በአንድ ጊዜ መከፈሉ ቀርቶ በአራት ዓመት ተከፋፈለ። ሰዎቹ ሲቀጠሩ የፈረሙት ውል ግን ይህን አይልም። የተወሰኑት ወደ ማኅበሩ የራሱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም በ1946 መጀመሪያ ፈረደላቸው። የመጨረሻው ጉባኤ ፍርዱን አልፈጽምም አለ። ሕግ ይከበር ሲል የኖረ ድርጅት በመዝጊያው ሰዓት የራሱን ዳኛ ውሳኔ ጣለ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙም አይደንቀው ይሆናል።

የቀሩት ሰዎች ደግሞ ተበታትነዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከ1941 ጀምሮ የመራው ኤድዋርድ ፌላንም አየርላንዳዊ ነው፣ በዚያ ክፉ ቀን ሁለቱም ቤቶች በአንድ ትንሽ አገር ልጆች እጅ ነበሩ። ገንዘብ ያዡ ሲሞር ጃክሊንና የስደተኞች ኮሚሽነሩ ለንደን። የኢኮኖሚው ክፍል ፕሪንስተን። የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥሩ ዋሽንግተን። በሄግ የነበረው ቋሚ ፍርድ ቤት በተቃራኒው አቅጣጫ መጣ፤ ጀርመን ሆላንድን ስትይዝ ፕሬዚዳንቱ ጉዌሬሮና ዋና መዝጋቢው ጄኔቫ ገቡ። ሌስተር እነዚህን ሁሉ የሚያገናኘው በሳንሱር በሚያልፍ ፖስታና በቴሌግራም ነው። ማኅበሩ በፕራንጀን የነበረው የራሱ ራዲዮ ጣቢያም በ1942 ከእጁ ወጣ፤ የስዊስ መንግሥት ጀርመንን እንዳያስቆጣ ይፈራ ስለነበር እንግዳው ድምፁን ባያሰማ ይመርጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን ሥራ ነው ለሚል ሰው አንዱን ቀረብ አድርጌ ላሳይ፤ የዕፁን። በ1931 ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ አገር በየዓመቱ ለሕክምናና ለምርምር ስንት ሞርፊን፣ ስንት ኮኬይን እንደሚያስፈልገው በክብደት ገምቶ ይልካል። በስምምነቱ የተቋቋመው ተቆጣጣሪ አካል ግምቱን ይመረምራል። ግምት ያልላከ አገር ካለ፣ የስምምነቱ አባል ባይሆንም እንኳ፣ አካሉ ራሱ ይገምትለታል። ከዚያ ገዢው አገር የማስገቢያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሻጩ አገር ያንን አይቶ የመላኪያ ፈቃድ ይጽፋል። በየሩብ ዓመቱ የገባና የወጣው ቁጥር የዕፁን ንግድ ለሚከታተለው ማዕከላዊ ቦርድ ይደርሳል። አንድ አገር ከግምቱ በላይ ካስገባ ቦርዱ ለሻጮቹ በሙሉ አቁሙ ይላቸዋል።

ጦርነት ሲመጣ ይህ ሰንሰለት የሚበጠስበት ቦታ ብዙ ነው። ፖስታው ይዘገያል፣ የተያዙ አገሮች ቁጥር አይልኩም፣ ሠራዊቶች መድኃኒት ያከማቻሉ፣ መርከብ ከነጭነቱ ይሰጥማል። ቢሆንም ግምቱ በየዓመቱ ታተመ። ለምን ዋሽንግተን? አሜሪካ የማኅበሩ አባል ሳትሆን የ1931ን ስምምነት ፈርማ ነበርና ሥራው እንዲቆም አልፈለገችም። ሌስተር ይህን ስንጥቅ ተጠቅሞበታል፦ ማኅበሩን የማይወድ መንግሥት እንኳ የሚፈልገው አንድ ክፍል ካለ፣ ያ ክፍል የቀረውን ይጎትታል።

ጄኔቫ የቀረው የጤና ክፍል በበኩሉ የወረርሽኝ ሳምንታዊ መዝገቡን አላቋረጠም። መዝገቡ በ1926 የተጀመረ ነው፤ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣዋል። የስምምነቶች ምዝገባም ቀጥሏል፤ በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 18 መሠረት አባል አገር የሚፈራረመው ውል ጄኔቫ ካልተመዘገበ አያስገድድም።

ሌስተር ያልሠራውም አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም። የማኅበሩ የፖለቲካ ክንፍ ሞቷል፤ እሱም ሊያስነሳው አልሞከረም። በሕንፃው ውስጥ የሚናገር ምክር ቤት አልነበረም። ኢትዮጵያ በሜይ 1941 ነፃ ወጥታ፣ በጃንዋሪ 1942 ከእንግሊዝ ጋር ስትፈራረም ጄኔቫ ነገሩ ውስጥ አልነበረችበትም። በኖቬምበር 1942 ደግሞ ከጄኔቫ ድንበር ማዶ ያለውን ኦት ሳቯ የያዘው የጣልያን ጦር ነው፤ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ማኅበሩ ያባበለው መንግሥት ወታደሮች ማለት ነው። በሚቀጥለው ሴፕቴምበር ጀርመኖች ተኳቸው። ሌስተር ማስታወሻ ደብተሩን እየጻፈ ቆየ፤ ደብተሩ ዛሬም እዚያው ጄኔቫ መዝገብ ቤት አለ።

በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አዲሱ ድርጅት ሲመሠረት ሌስተር፣ ላቭዴይና ጃክሊን በታዛቢነት ሄዱ። መናገር የለም፣ ድምፅ የለም። የሌስተር አገር በጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረች አልተጋበዘችም፤ ሶቭየቶች የ1939ኙን መባረር አልረሱም፤ አሜሪካኖቹ ከወደቀው ማኅበር ጋር መታየት አልፈለጉም። አዲሱን ቤት ሲሠሩ ግን ከአሮጌው ያልወሰዱት ነገር ጥቂት ነው፦ የጽሕፈት ቤቱ አደረጃጀት፣ የዕፁ ቁጥጥር፣ ስታቲስቲክሱ፣ የፍርድ ቤቱ ደንብ።

የመጨረሻው ጉባኤ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ተከፈተ፤ ሰብሳቢው ያው ሃምብሮ። ኤፕሪል 18 ቀን ማኅበሩ እንዲፈርስ ወሰኑ። በዚያው ጉባኤ ሌስተርን ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1940 ጀምሮ የሚታሰብ ሙሉ ዋና ጸሐፊ አድርገው ሾሙት። እስከዚያ ድረስ ስድስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው በተጠባባቂነት ነው የፈረመው፤ ሹመቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ፊርማዎቹን ሁሉ ሸፈነ።

ሕንፃው በኦገስት 1946 ለተባበሩት መንግሥታት ተላለፈ። ሒሳብ አጣሪው ቦርድ ጁላይ 31 ቀን 1947 ሥራውን ጨረሰ። ሌስተር በአዲሱ ድርጅት ቦታ አልተሰጠውም፤ ምዕራብ አየርላንድ ኮኔማራ ገብቶ ኖረና በ1959 ሞተ። የስምምነቶቹ መዝገብ በ205 ቅጽ፣ በቁጥር 4834 ተዘግቶ መደርደሪያው ላይ ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት የራሱን ከቁጥር 1 ጀመረ።